የካራቫናችን መቀርቀሪያዎች

የዛገ ብረት በሸተተኝ ቁጥር፣ ኖርድቬስትሽታት በተባለው የፈረንጅ አገር ሰፈራችን፣ ከፎቃችን ሥር ትቆም የነበረችው በመኪና የምትጎተት ተጣጣፊ ካራቫናችን ትመጣብኛለች። የልጄ ባል ተስፋዬ፣ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ አብሮት ሻንጣ ከሚጭን ጓደኛው አሮጌዋን ገዝቶ ነበር ያመጣት። ጣሪያዋ በአራት የውጭ መቀርቀሪያዎች እንደ ሣጥን ይዘጋል፣ ሲከፈቱ ደግሞ ወደ ላይ ተነሥቶ የሸራ ቤት ይሆናል።

በጋ በመጣ ቁጥር ይዘናት ሐይቅ ዳር እንወርድ ነበር። ልጆቹ ዮናስና የስምንት ዓመቷ ሊድያ ነበሩ፣ እኔ አያታቸው፣ በእነሱ አጠራር ኦማ፣ ደግሞ የቤቱ ዳኛ ነበርኩ፤ ኬክ ስቆርስ ሁለቱን ቁራሽ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንዱ ከበለጠ ትርፉን ገምጬ አስተካክል ነበር።

«ፌር አይደለም ኦማ፣ ትርፉ ሁልጊዜ ያንቺ ነው!» ይለኝ ነበር ዮናስ።

«ዳኛም ደመወዝ አለው» እለው ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ካራቫኗን እናጥፋት ነበር፤ መቀርቀሪያዎቹን በጨርቅ አድርቆ መዝጋት የሊድያ ሥራ ነበር። አንድ ዓመት ግን እሷ አድርቃ ከዘጋች በኋላ፣ እኔ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት ይዤ ወርጄ አራቱንም አጠገብኳቸው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር፣ ክረምት ሳይገባ የስፖንዳውን፣ የጭነት ማቀፊያውን፣ መቀርቀሪያ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀባ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ነበር። ሊድያ ደረጃው ላይ ቆማ አየችኝ።

ብርዱ አልፎ በፋሲካ ዕረፍት ልንከፍታት ስንወርድ፣ ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቆ፣ ከሥሩ ብረቱ ዝጎ፣ አንዱም መቀርቀሪያ አልነቃነቅ አለ። ተስፋዬ ታግሎ ታግሎ ጣቱ ሲላጥ ወደ ሊድያ ዞረ።

«አድርቂ አላልኩሽም? በይ፣ እኛ ሐይቅ ስንሄድ አንቺ አክስትሽ ዘንድ ትቀሪያለሽ!»

ልጅቷ አንዴ አየችኝ፣ ከዚያ ጫማዋን እያየች «አድርቄ ነበር» አለች።

እኔ ግን ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ፤ በዚያች ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«ልጅቷን ተዋት!» አልኩ በመጨረሻ። «ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ዘይት፣ እማማ?»

«የሽሮ ዘይት!»

ዮናስ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ተስፋዬም ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ «እማማ፣ ሰላጣ መሰለዎት እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ የዝገት ማስለቀቂያ ገዝቶ አመጣ። እየረጨን እየጠበቅን፣ በሽቦ ብሩሽ ሁለቱን እኔ ሁለቱን ሊድያ ፈግፍገን በሦስተኛው ቀን ከፈትናቸው። ሐይቅ ግን አልሄድኩም፤ ቢለምኑኝም «የተፈረደው ፍርድ ለጥፋተኛው ነው» ብዬ የሊድያ አክስት ዘንድ ቀረሁ።

ዛሬ ካራቫኗ ተሸጣለች፣ ሊድያም በቁመት በልጣኛለች። በቀደም ለምን እንዳላጋለጠችኝ ብጠይቃት፣ «አንቺ ራስሽ እንደምትናገሪ አውቅ ነበር» አለችኝ።

ያኔ ኬኩን የምለካው እኔ ነበርኩ። አሁን የምትቆርሰው እሷ ናት፣ እኔም የሰጠችኝን ሳልለካ እበላለሁ።