እናቴ የቀበረችው ፈንጂ

እናቴ ሣር ትዘራለች፤ አባቴ በታንክ ይረግጠዋል። ለትዳር ከዚህ የባሰ የሥራ ክፍፍል ያለ አይመስለኝም። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የጦር ልምምድ ሜዳ ነው፤ እሷ የመሬት ጥበቃ ሠራተኛ፣ እሱ ሃምሳ አለቃና የታንክ አዛዥ። ማታ ቤት ሲገባ እናቴ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ሳይሆን የጫማውን ሶል ነው። ሣር ካገኘችበት፣ እራት የሚቀርበው ከኩርፊያ ጋር ነው።

የዘንድሮው ጭቅጭቅ በሜዳው ውስጥ ስላለ አንድ ተዳፋት ነው። ታንኮቹ በዝናብ ሲመላለሱበት አፈሩ ታጥቦ ቦረቦር ሆኖ ነበር። እናቴ ድንጋይ ደርድራ፣ ጎርፉን መልሳ፣ ሣር ዘራችበት። በቀለላት። ሥሩ መሬት እስኪይዝ ግን ገና አንድ ክረምት ይቀረዋል፤ አሁን ከተረገጠ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ። ትልቁ ልምምድ ደግሞ በዚያው በኩል እንዲያልፍ ታዘዘ።

እናቴ በቀጥታ ኮሎኔሉ ቢሮ ገባች።

«ጦርነት ለሣር ብሎ አይዞርም» አሏት።

«ለፈንጂስ? ጠላት እዚያ ፈንጂ ቀብሯል ብንልስ? ልምምዱም ይጠነክራል።»

ኮሎኔሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይሁን! የገባ ታንክ እንደተቃጠለ ይቆጠራል።»

የፈንጂ ምልክቶቹን ከወጥ ቤታችን በር በተረፈ ቀይ ቀለም ጓሮ ቀባቻቸው። እኔንም «ለአባትሽ ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ» አለችኝ። ምላሴን እየበላኝ ቻልኩት።

ልምምዱ አለቀ፤ ሣሩ አልተነካም። የአባቴ ታንክ መጨረሻ ወጣ። አባቴ «ፈንጂ ነበር፤ ዞርን» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። እናቴም ደንቡ ነው የመለሰው ብላ ደስ አላት።

እሑድ ምሳ ላይ የአባቴ ታንክ ተኳሽ እንግዳችን ነበር።

«እትዬ፣ በዚያ በተዳፋቱ ፈንጂ ጉድ ሆንን!» አለ እየሳቀ። «እኔማ ‹ሃምሳ አለቃ፣ የልምምዱ ዳኛ እዚህ የለ፣ የሚያየን የለ፣ እንለፍ› ብዬው ነበር። ወርዶ ምልክቱን ጠጋ ብሎ አየውና ‹በዚህ ቀለም በር የቀባሁት እኔ ነኝ› አለ። ምን በር እንደሆነ እንጃ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ኮረኮንች አዞረን።»

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ዳኛ አልነበረም?» አለችው አባቴን።

አባቴ ከሳህኑ ቀና አላለም። «አንቺ እያለሽ?»

እናቴ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ማታ ሲገባ ጫማውን አታይም።