የኤርጎጌ ምላስና የፈረንሳዩ መብራት

ኤርጎጌ በዚህ ምድር ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ማስተዋል ስትወልድ አራስ ቤቷን ይዛ መንከባከብ። አገር ቤት ቤት ልሥራ፣ መኪና ልግዛ ብላ አታውቅም። "ልጄን በእጄ አርሼ ላስነሳት፣ ከዚያ ጌታ የፈለገውን ያድርገኝ" ትል ነበር፣ የጆሃንስበርጉ ትሮይቪል ሰፈር ሐበሻ እስኪሰለቸው ድረስ።

ምክንያት ነበራታ። እሷ ራሷ ማስተዋልን የወለደችው ቶኮዛ የሚባል የድሆች ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሉት ትንሽ ሱቃቸው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ባሏ ዱካሞ፣ ዛሬ በሕይወት የለም፣ ፊት ለፊት ዳቦና ስኳር ይሸጣል፤ እሷ ከመደርደሪያው ወዲያ ጥርሷን ነክሳ ታምጣለች። ከወለደች በኋላም ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያሽላት የእናት እጅ አልነበረም። ገና ሳትጠነክር ተነስታ ሱቅ ቆመች። ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀረ። ማስተዋል ልጅ ሆና ባጠፋች ቁጥር "ብቻዬን ነው የወለድኩሽ እኮ!" ትላታለች። ልጅቷም ይህንን እየሰማች አደገች፣ አገባች፣ ኦሊያድ ከሚባል ደህና ልጅ ጋር አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሱቅ ከፈተች፣ ኮሮና በገባበት ዓመት ደግሞ አረገዘች። መቼም ጊዜ አይመርጥ!

ዱካሞ ከሞተ በኋላ ኤርጎጌ ሱቁን ትታ ትሮይቪል አንዲት ክፍል ተከራየች። ሥራዋ ዶና ሉርደስ ከሚባሉ አሮጊት ፖርቹጋላዊት ጋር ነው። ሴትየዋ የድሮ የፈረንሳይ የጠረጴዛ መብራት ይሸጣሉ። መብራት ስላችሁ ከቻይና ሱቅ የሚገዛው እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ፈረንሳዮች በዚያ ዘመን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ከመብራት ጋር ያልሰኩት ነገር የለም። እንደ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት የሆነ ድንጋይ በስሱ ተሰንጥቆ፣ ወርቅ የሚመስል ግን ወርቅ ያልሆነ ማዕድን፣ የሰጎን እንቁላል፣ ዘመን ብዛት ድንጋይ ያደረገው ግንድ፣ ሁሉም በናስ እግር ላይ ቆሞ መብራት ይባላል። ኤርጎጌ መጀመሪያ ያየቻቸው ቀን "ይሄን ሁሉ ድንጋይ ማን ይሸከመዋል?" ብላ ስቃለች። ሴትየዋ አንዱን ሲያበሩት ግን ሳቋን ትታ ጎንበስ ብላ አየችው። ብርሃኑ ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ ነበር የሚወጣው።

የእሷ ሥራ ማጽዳት ነው። ስታጸዳ ደግሞ ሌላ ሰው የማያደርገውን ታደርጋለች፤ ድንጋዩን ትልሰዋለች። አትሳቁ። አገር ቤት ዶዮገና ገበያ ጨው የሚሸጡ እናት ናቸው ያሳደጓት፤ እዚያ ደግሞ ነጋዴ ሌላ ድንጋይ ይቀላቅላልና ጨው ሳይላስ አይገዛም። ሕፃንም ሽማግሌም የምላሱን ጫፍ ነካ ያደርግና ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ "እሺ፣ መዝን" ይላል። ኤርጎጌ ይህንኑ ይዛ መብራት ቤት ገባች። ድንጋዩ ጨው ጨው ካላት ውሃ አታስነካውም፣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ትጠርገዋለች። ምንም ካላላት ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። ዶና ሉርደስ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ኮሮና ሲመጣ ግን "በቃ፣ ምላስሽን ሰብስቢ" አሏት። እውነታቸውን ነው። ሰው የበር እጀታ በክርኑ በሚከፍትበት ዘመን ዕቃ መላስ ምን የሚሉት ነው? ኤርጎጌም እሺ አለች። እሺ አለች እንጂ አልተወችም፤ በሳኒታይዘር ወልውላ፣ ሽታው እስኪጠፋ አናፍሳ፣ ማንም ሳያያት ትልሳለች። ልማድ ነዋ።

አሁን የምነግራችሁ በሐምሌ የሆነውን ነው። የጆሃንስበርግን ሐምሌ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይዋ ለወጉ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም። የማስተዋል ቀን ደርሷል። ኦሊያድ "ነገ ከሰዓት በኋላ መጥቼ እወስድዎታለሁ" ብሎ ደውሏል። ኤርጎጌ የገንፎ ዱቄቱን፣ የሕፃኑን ብርድ ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ በሩ ሥር አስቀምጣለች። የቀራት አንድ መብራት ብቻ ነው። ዶና ሉርደስ ገዢ አግኝተውለት ስለነበር "ሳትሄጂ አጽጂልኝ" ብለው በዋዜማው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ሰጥተዋታል።

ቆንጆ መብራት ነበር። የናስ እግሩ ላይ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ፣ ቀላ የሚሉ ጥርት ያሉ ድንጋዮች ተደራርበውበታል። አቧራ ጠግቧል። በማግስቱ ጠዋት ኤርጎጌ ድንጋዩን ከናሱ ፈታችው፣ ወለወለችው፣ ጎረቤት እንዳያያት መጋረጃውን ዘጋች፣ ላሰችው። ምንም። ሌላኛውን ጎን ሞከረችው። ምንም። "ተመስገን፣ ቶሎ ያልቃል" አለችና ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከዚያ ቤቷን ጠረገች፣ ልብስ አጠበች፣ ራሷን ትንሽ ስላመማት ሻይ ጠጣች። ሻይው ውሃ ውሃ ቢላት ቅጠሉ ያረጀ መሰላት።

ተመልሳ እጇን ሳህኑ ውስጥ ስትከት ዘለለች። እጇ በየቀኑ በምትቀባው ሳኒታይዘር ተሰነጣጥቆ ነበርና ውሃው እንደ እሳት ለበለባት። ድንጋዩን አወጣችው። ያ ቀጥ ያለ ጠርዙ ሁሉ የለም፤ እንደተመጠጠ ከረሜላ ሟሙቶ ክብ ሆኗል። ጣቷን ላሰችው፤ ምንም። እጇ ይቃጠላል፣ ምላሷ ዝም ይላል። ወጥ ቤት ገብታ የወጥ ጨው ዘግና አፏ ውስጥ ጨመረች። አሸዋ የበላች ያህል ነው የተሰማት። በርበሬውን ከፍታ አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ አሸተተች። ያኔ ክው አለች።

ስለ ጣዕም መጥፋት ሰምታለች። የጸሎት ወንድሞች በዋትስአፕ ሲልኩት የከረሙት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የወዳጇ የዓለምወርቅ ቤት ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ለቅሶ እንዴት ይቀራል ብላ፣ በጠባብ ክፍል፣ ትከሻ ለትከሻ። ማስተዋል ደግሞ ከቶኮዛው የላምባ ምድጃ ጭስ ጀምሮ አስም አለባት። ኤርጎጌ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ሻንጣውን አየችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቧ ሁለት ሆነ። ትኩሳት የላትም፣ አላሳላትም፣ ትንሽ ራስ ምታት ብቻ። ማን ያውቃል? ድንጋይ ሐኪም ነው እንዴ? ደግሞስ ማስክ አድርጋ፣ ራቅ ብላ ብታርሳትስ? ግን አራስ ራቅ ተብሎ ይታረሳል? ጀርባዋን ሳትነኪ፣ ትራሷን ሳታቃኚ፣ ሕፃኑን ሳትቀበዪ ምን ዓይነት ማረስ ነው? ይህንን ስታወጣና ስታወርድ የኦሊያድ መኪና ታች ጡሩንባ ነፋ።

መስኮቱን ከፈተች። "ኦሊያድ፣ እንዳትወጣ!"

"ሻንጣውን ላውርድልዎት እንጂ፣ እማማ።"

"እዚያው ሁን ልጄ። ይዞኛል መሰለኝ።"

ኦሊያድ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደቆመ ቀረ። "ተመረመሩ?" አላት።

"አልተመረመርኩም። አፌ አይቀምስም።"

ልጁ ጨዋ ነው፣ አልተከራከራትም። ስልኩን አወጣና ማስተዋል ጋ ደውሎ ጥቂት ተነጋገረ፤ ወዲያው የኤርጎጌ ስልክ ጮኸ።

"ማማ፣ ምንድነው የምሰማው?" ማስተዋል ናት። "ትኩሳት አለሽ?"

"የለኝም።"

"ሳል?"

"የለም። ግን የጨው ድንጋይ ልሼ ጨው አላለኝም። ሟሟ። የሴትየዋ መብራት…"

"ሲሪየስሊ? ድንጋይ ላስሽና ነው እኔን የምትተዪኝ?"

"ልጄ፣ አስም አለብሽ እኮ።"

"አስሙን ድሮም አውቀዋለሁ።" አለች ማስተዋል። "ብቻዬን ወለድኩሽ፣ ብቻዬን ወለድኩሽ ስትዪኝ አሳደግሽኝ። አሁን ተራው የእኔ ነው ማለት ነው?"

ስልኩን ዘጋችው። ኤርጎጌ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ኦሊያድ ብቻውን ሄደ፤ ሻንጣውን እንኳ አልላከችውም፣ ነክታዋለችና።

ለዶና ሉርደስም መንገር ነበረባት፤ በዋዜማው በራቸው ላይ ቆማለች። ደወለች። መብራቱ እንደሟሟ ስትነግራቸው ሴትየዋ ተቆጡ።

"ያ መብራት ከትዳሬ የበለጠ ዕድሜ ነበረው" አሉ። "ላኪልኝ እንኳ አልልሽም፣ ላየው አልፈልግም።"

"ዶና፣ እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ፤ ትናንት ቅርብ ለቅርብ ቆመናል።"

"ማስክ አድርገሽ ነበር፣ አየሁሽ። ያላደረግኩት እኔ ነኝ" አሉና ዘጉ። በማግስቱ ግን በግቢው በር ላይ የጎመን ሾርባ በድስት ተቀምጦ አገኘች። ምን ምን እንደሚል ሳታውቅ ጠጣችው። ሴትየዋ ምንም አልነካቸውም፣ ተመስገን ነው። የእሷ ግን በምርመራ ተረጋገጠ፤ ቆይቶም ሳሉ መጣ፣ ትኩሳቱም ተከተለ፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅታት ድረስ ጣላት።

ማስተዋል ምጥ ሲይዛት ኦሊያድ ሆስፒታል አድርሶ በሩ ላይ ተመለሰ፤ በዚያን ጊዜ ባልም አያስገቡም። ለኤርጎጌ የደወለው እሱ ነው። "ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው" አላት። ማስተዋል አልደወለችም። ኤርጎጌ ስትደውል አታነሳም፤ አንድ ቀን ብቻ የሕፃኗን ፎቶ ላከች፣ አንድም ቃል ሳትጨምር። ኤርጎጌ ፎቶውን እያየች እየሳለች፣ እየሳለች እያየች ሰነበተች። "ልክ ነሽ ብሎ የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ" ትል ነበር ለራሷ። ማን ይነግራታል? ባትሄድ ምን እንዳዳነች በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ የሚታየው አለመሄዷ ነው።

የተባለውን ጊዜ ቆጥራ፣ ነርሷ "ጨርሰሻል፣ ውጪ" ካለቻት በኋላ ታክሲ ይዛ አይቮሪ ፓርክ ሄደች። ሱቁ ውስጥ የቆመው ኦሊያድ አያትና ወደ ጓሮው መራት።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎጎ ኖምቩላ ተቀምጠዋል፤ የግቢው ባለቤት፣ የዙሉ ባልቴት ናቸው፤ ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ሕፃኗን ደረታቸው ላይ በፎጣ አስረው እያንጎራጎሩ ያወዛውዟታል። ምድጃው ላይ የእሳቸው የበቆሎ ገንፎ ተጥዷል። እሷ በሌለችበት ያረሱት እሳቸው ናቸው። ኤርጎጌ ቀናች። ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ እርር እስኪል ቀናች። ያ ቦታ የእሷ ነበር፤ ሌላ ሰው ሞልቶታል፣ ደግሞም አሳምሮ።

ማስተዋል ትራሷን ተደግፋ አየቻት። አልተነሳችም። "መጣሽ" አለች፤ ፊቷ አልተፈታም።

"መጣሁ።"

ጎጎ ኖምቩላ ሁለቱንም አየት አየት አደረጓቸው። ሰው የሚገባቸው ሴት ናቸው፤ ፎጣውን መፍታት ጀመሩ። "ነይ ጎጎ" አሏት ኤርጎጌን፣ "የልጅ ልጅሽን ታቀፊ።"

ኤርጎጌ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ልጇን አየቻት። የማስተዋል ዓይን ሥሩ ጠቁሯል፣ ፀጉሯ ሳይበጠር ተቋጥሯል፣ ከብርድ ልብሱ የወጣው እግሯ አብጧል። ቤቱ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ሕፃኗን ነበር የሚያየው። ኤርጎጌ የተዘረጋ እጇን ሰበሰበች።

"እርስዎ ይያዟት፣ ጎጎ" አለች በሰባራ ዙሉዋ። "ተኝታለች፣ አይቀስቅሷት። ሲያቦንጋ፣ እናመሰግናለን።"

ውሃ አሙቃ በሳህን አመጣች። አልጋው ሥር ተንበረከከችና የማስተዋልን እግር ውሃው ውስጥ አስገብታ ታሽ ጀመር፣ ከጣቶቿ እስከ ባቷ፣ በዝግታ።

"ማማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ማስተዋል። "አታዪያትም እንዴ?"

"አያታለሁ፣ ትደርሳለች። የመጣሁት ለእሷ አይደለም" አለች ኤርጎጌ፣ ቀና ሳትል። "እሷ እናት አላት። እኔ ለልጄ ነው የመጣሁት።"

ማስተዋል ሆስፒታል ብቻዋን ስታምጥ አላለቀሰችም ነበር ይላሉ። አሁን ግን እጇን በእናቷ ሻሽ ላይ ጣል አድርጋ እንደ ልጅ አለቀሰች። ኤርጎጌም ዝም በይ አላለቻትም፤ ሌላኛውን እግሯን አንስታ ማሸቷን ቀጠለች።