ለደሃ የተቆረጠው ቁራሽ

የልጅ ልጆቼ ጥርሴን እያዩ ይስቃሉ። የላይኛዋ፣ የፊተኛዋ፣ ጫፏ ሽርፍ ነው። «አያቴ፣ ምን ነክሰሽ ነው?» ይሉኛል። «ወርቅ» እላቸዋለሁ፤ አያምኑኝም። ደግሞ ከአቴንስ የተላከላቸውን አሻንጉሊት፣ ያንን ቀይ ለባሽ ቦርጫም ሽማግሌ ይዘው «ስጦታ የሚያመጣው ቅዱስ ባስልዮስ ነው» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ባስልዮስ? ይሄ? አማቴ ይህን ቢያዩ ኖሮ በመጥረጊያ እያባረሩ ከቤት ያስወጡት ነበር።

«ባስልዮስ ሲጾም የኖረ ሰው ነው» ይሉ ነበር አማቴ። «አጥንቱ የሚቆጠር፣ ጺሙ ጥቁር፣ ጉበቱን የሚያመው፣ ያለውን ሁሉ ለደሃ አብልቶ ባንድ ካባ የቀረ ጳጳስ። ደግሞ ያገሬ ልጅ ነው። ስለሱ ለኔ ማንም አይነግረኝም።»

አማቴ ማክሪና ይባላሉ። የተወለዱት ዛሬ ቱርክ በሆነችው በቀጰዶቅያ ውስጥ፣ ከቂሣርያ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር ነው። ባስልዮስ ጳጳስ የነበረው እዚያችው ቂሣርያ ነው። ማክሪና ደግሞ የባስልዮስ ታላቅ እህት ስም ነው፤ ተምሮ ሲመለስ ልቡ ያበጠበትን ወንድሟን ተቆጥታ ወደ እግዚአብሔር መንገድ የመለሰችው እሷ ናት ይባላል። ስለዚህ አማቴና ቅዱሱ የነበራቸው ነገር እንደ እኛ አልነበረም። እኛ ሥዕሉ ፊት ስንሰግድ እሳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይቆጡታል። «አንተ ልጅ! ዝናቡን የት አደረስከው? ትንባሆው እኮ ማሳው ላይ ደረቀ!» ያውም በቱርክኛ። በመንደራቸው ክርስቲያኑ ሁሉ የሚያወራውም የሚጸልየውም በቱርክኛ ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ቅዱሱን በግሪክኛ ይለምኑት እንጂ» ብላቸው «የቂሣርያ ልጅ ሆኖ ቱርክኛ ካልገባው ጥፋቱ የራሱ ነው» አሉኝ።

ግሪክና ቱርክ ሕዝባቸውን የተለዋወጡ ጊዜ አማቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። መርከብ ላይ አባታቸው ሞቱ፤ የግሪኳ ካቫላ ወደብ በደረሱ በሳምንቱ እናታቸው ሞቱ። ከቀጰዶቅያ ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእናታቸውን የብር መቀነት። ወገባቸው ላይ ታጥቀውት፣ በላዩ ሦስት ቀሚስ ደርበው። የመጀመሪያውን አዲስ ዓመት ስደተኛ በታጨቀበት የትንባሆ መጋዘን ውስጥ፣ በባዶ ሆዳቸው ተቀበሉት።

የኛን ልማድ ታውቁታላችሁ። በአዲስ ዓመት ቀን፣ በባስልዮስ በዓል፣ ሳንቲም ውስጡ የተጋገረ ዳቦ በየቤቱ ይቆረጣል። ስም እየተጠራ ነው የሚቆረጠው፦ ለክርስቶስ፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሱ፣ በመንገድ ላሉት፣ ለቤተሰቡ፣ መጨረሻ ላይ ለደሃ። ሳንቲሙ የደረሰው ሰው ዓመቱ የሱ ነው። የደሃው ቁራሽ ደግሞ መጀመሪያ በር ላንኳኳው ይሰጣል። ያን ቀን ማክሪና ራባቸውና የማያውቁትን በር አንኳኩ። አንዲት ሴት ቁራሹን ሰጠቻቸው። ሲነክሱት ሳንቲሙ ውስጡ አለ! ሮጠው ሊመልሱ ሄዱ። ግሪክኛ አያውቁም፤ በምልክት «ያንቺ ነው» አሉ። ሴትዮዋ መዳፋቸውን መልሳ ጨበጠችላቸውና በሩን ዘጋች። «በደሃው ቁራሽ ውስጥ የወደቀ የደሃው ነው» ይሉ ነበር ሲያወሩት። «እኔ እዚህ አገር ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው።»

እኔ ስታማቲያ የሳቸው ምራት ነኝ። ወላጆቼ የተራራው መንደር ሰዎች ናቸው፤ የማክሪናን አንድ ልጅ ፕሮድሮሞስን ላገባ ስል «ለቱርክ ዘር?» ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። ሰርጌ ላይ እናቴ ብቻ ተነስታ የወርቅ ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። በዓመቱ ሞተች፤ ነፍሷን ይማር።

ከዚያ ጀርመን ሠራተኛ ትፈልጋለች ተባለ። ፕሮድሮሞስ ለመንገዱ ሲቸግረው ጉትቻዬን ካቫላ ወስጄ ለወርቅ ሠሪ ሸጥኩለት። «እጥፍ አድርጌ አመጣልሻለሁ፣ የኔ ዓለም» አለ። አዎ፣ አመጣልኝ! መጀመሪያ ዓመት ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ዓመት አንድ ካርድ። በሦስተኛው ዝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ መጨረሻ ሰማሁት። እዚያ ሴት ይዟል፤ ልጅም ወልዷል።

ንዴቴን ማን ላይ ላውጣው? የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ አማቴ ላይ ነዋ። «ልጅዎ የእናቴን ጆሮ በልቶ ሄደ!» አልኳቸው። ትንባሆ ያጠቆራቸውን ጣቶቻቸውን ያያሉ። እኔ ግን ከጀመርኩ አልመለስም፤ የሰባት ዓመት ቂሜን ሁሉ ዘረገፍኩት። የባስልዮስን ዳቦ ሲቆርጡ እንኳ ምራት መጨረሻ ናት ብለው ከሕፃን ልጄ ቀጥለው ነው ስሜን የሚጠሩት። ከኔ በኋላ የሚቀረው ደሃው ብቻ ነው! «እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ? ሚስት አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። የአዲስ ዓመት ዕለት ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ አናቶሊን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ» አልኳቸው። አናቶሊ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሟ የሳቸው እናት ስም ነው።

«እሺ» አሉ። እሺ ብቻ። ካለቀሱ እንኳ አላየሁም። በማግስቱ ጥርሴን ልታይ ነው ብለው ካቫላ ወረዱ። በሳምንቱ ደግሞ ሄዱ። አፋቸው ውስጥ የቀሩት አራት ጥርሶች ናቸው፤ የትኛውን ነው የሚያሳዩት ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የአዲስ ዓመት ዕለት ጠዋት ቅዳሴ ልንሄድ ስንል በር ላይ ያዝኳቸው። «እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ዛሬ ለዚያ ልጅዎ አይቁረጡለት። ለሱ ከቆረጡ እኔ ከገበታው አልቀርብም።»

«እናት እኮ ነኝ፣ ስታማቲያ» አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዳቦው ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። ክብ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት፤ ሊጥ ሳለ በቢላ ስምንት ቦታ ምልክት ያደርጉበታል። ጓዜ በር ሥር ታስሮ ቆሟል። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የዘወትሩን ታሪክ ጀመሩ።

«አንድ ገዢ መጣና ቂሣርያን ወርቃችሁን አምጡ አለ። ሴቱ ጉትቻዋን፣ ወንዱ ቀለበቱን አውልቆ ለባስልዮስ ሰጠ። ወንድሜ ባስልዮስ ገዢው ፊት ሄዶ እንዲህ አፈጠጠበት!» አፈጠጡብን፤ አናቶሊ ሳቀች። «ገዢው አፈረና ባዶ እጁን ሄደ። አሁን ወርቁ ቀረ፤ ግን የቱ የማን ነው? ተደበላልቋል። ሰው ሊጣላ ሲል ባስልዮስ ዳቦ አስጋገረ። በየዳቦው ውስጥ አንዳንድ ወርቅ ከተተና አደለ። ሰው ሁሉ ሲቆርስ የገዛ ራሱን አገኘ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በሰባት ዓመት አንድ ቀን ብለውት የማያውቁትን ጨመሩ፦ «የሰው ንብረት ለባለቤቱ ይመለሳል።»

ቢላውን አነሱ። አማተቡ። «ለክርስቶስ። ለእመቤታችን። ለወንድሜ ለባስልዮስ።» ቀጥሎ በመንገድ ላሉት ነው፤ የፕሮድሮሞስ። ቢላው ዳቦው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ፊቴን ድንጋይ አድርጌ አላለሰልስም ብያለሁ። ከዚያ «ለማክሪና» አሉ።

ልጃቸውን ዘለሉት። አንድ ልጃቸውን!

«ለአናቶሊ። ለስታማቲያ። ለደሃ።» የመጨረሻዋን ቁራሽ የማንም ስም ሳይጠራባት ትሪው ላይ ተዉአት። እንባዬ መጣ፤ አፍሬ ዳቦዬን ጎረስኩ። እሳቸው የራሳቸውን ትተው አፍ አፌን ያያሉ።

«ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ሙሽራዬ። አላምጪ።»

«እያላመጥኩ ነው።»

«ምንም የለም?»

«ሳንቲሙ ከሆነ የለም።»

አናቶሊም የሷን ፈርፍራ «እኔም ጋ የለም!» አለች። ይህን ጊዜ አማቴ ሳህኔን ከፊቴ ነጠቁ። የኔን ቁራሽ በጣታቸው ፈረፈሩት፣ እንደገና ፈረፈሩት። በቢላው ጫፍ ትሪውን አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዙ።

«ወይ እኔ! ወይ ጅሏ እኔ! ሰባተኛው ያንቺ ነበር እኮ!»

«የምን ሰባተኛ?»

«ፕሮድሮሞስን ስዘለው ሁላችንም በአንድ አንድ ቀደምን! ያንቺ ለደሃ ሄደ!» ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞረው «አንተስ ቆመህ ታያለህ? አፍ የለህም?» ብለው ጮኹበት።

«እማማ፣ ምን ነበር የከተቱት?»

ተቀመጡ። «ጉትቻሽን» አሉ ቀስ ብለው። «የእናትሽን። ወርቅ ሠሪው አልሸጠውም ነበር። ጆሮሽ ባዶ ሆኖ ወንድምሽ ቤት እንዳትገቢ ብዬ ነው። የዚህ ቤት ሰው የወሰደብሽን የዚህ ቤት ሰው ይመልስልሽ ብዬ።»

«በምን ከፈሉት?»

ዓይናቸው ወደ ሣጥናቸው ሄደ። ተነስቼ ሣጥናቸውን ከፈትኩ። የብር መቀነቱ የለም። የተጠቀለለበት ጨርቅ ብቻ ባዶውን ታጥፎ ተቀምጧል። ስሞት ታጥቄው ልቀበር የሚሉት እሱ ነበር። እዚያው ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አናቶሊ ምን ገዷት፣ እጇን ወደ ደሃው ቁራሽ ስትሰድ አማቴ መዳፏን መታ አደረጓት። «ተይ! የሰው ነው!»

«እማማ፣ ጉትቻው የኔ ነው። ያውጡትና ይስጡኝ እንጂ» አልኩ።

«አልችልም፣ ልጄ።» እሳቸውም እያለቀሱ ነው። «ስሙ ተጠርቶ ተቆርጧል። ያቺ ሴትዮ ሳንቲሟን ከእኔ አልተቀበለችም፤ እኔ ከደሃ ልውሰድ? የሚመጣውን ሰው እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ። እሺ ካለኝ እልክልሻለሁ።»

ውጭ አውቶቡሱ ቡና ቤቱ በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ነፋ። አማቴ እንባቸውን ጠርገው ተነሱና የአናቶሊን ካፖርት ይቆልፉላት ጀመር። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ቁልፍ። ቅሪ አላሉኝም። አንድ ጊዜ እንኳ።

እኔ ጓዜን አነሳሁ። «አናቶሊ፣ አያትሽ ጋ ቆዪኝ» ብዬ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ብርዱ ፊት ይገርፋል። ከታች ሊወስደኝ የመጣው ወንድሜ እጁን ያወዛውዝልኛል። ከውስጥ የወንበር ድምፅ ሰማሁ፤ አማቴ የተቀመጡ መሰለኝ። እንግዲህ ሄደች ብለው ነው።

ጓዜን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩና አንኳኳሁ።

ከዚያ «ማነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል።

«መንገደኛ ነኝ» አልኩ። «ባል የለኝም፣ የራሴ ቤት የለኝም። ስለ ቅዱስ ባስልዮስ! ቁራሽ ዳቦ!»

«አያቴ፣ እማዬ እኮ ናት!» አለች አናቶሊ።

«ዝም በይ፣ አንቺ! ደሃ ነው የመጣው!»

በሩ ተከፈተ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው፣ ለማያውቁት እንግዳ እንደሚሰጡ ሰጡኝ። «የራስሽ ነው፤ ማንም አይወስድብሽም» አሉ። «ብርድ ነው፣ ልጄ። ከፈቀድሽ ግቢ።»

ደጃፉ ላይ ቆሜ በረሃብ እንደ ሞተ ሰው ነከስኩት። ጥርሴ ጉትቻው ላይ ቀጭ ሲል እሳቸውም ሰሙት። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ፤ ወንድሜ ስሜን ጠራ። ልመልስለት አልቻልኩም፤ አፌ ሙሉ ነበር። እግሬን አንስቼ ገባሁ፤ ጓዜን እሳቸው አስገቡልኝ።