ሚስትሪ ጁማን የመሰከረበት ቤት

ካራቺ ውስጥ፣ ከወደቡ በር አጠገብ ያለው የሰዓት ማማ ሥር ቆሞ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የአንድ እንግሊዝ ስም ይነገረዋል። ሚስትሪ ጁማን ይህን በሰማ ቁጥር እንትፍ ይል ነበር። «እንግሊዙማ ወረቀት ላይ ሣለ። ድንጋዩን ማን ጠረበው? ወረቀቱ?»

ጁማን ከሲላዋቶቹ፣ ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ወገን ነው፤ ሚስትሪ የሚሉትም የእጅ ሙያ አዋቂ ለማለት ነው። አያቶቹ የጃይሰልመርን በረሃ በግመል አቋርጠው መጥተው የከተማዋን ገበያ፣ አዳራሽና የነጋዴ ቤት በቢጫው የጊዝሪ ድንጋይ አቆሙ። አያቱ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚኮራው ከማማው ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ በቆመ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ነበር። ያሠራው አንድ ሂንዱ የእህል ነጋዴ ነው፤ በረንዳውን አያትየው ብቻውን፣ የወይን ቅጠል እየቀረጸበት አራት ዓመት ጠረበው። አገር ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ነጋዴው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ በመርከብ ወደ ቦምቤይ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ቤቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ዳውድጂ የሚባል ሰው እጅ ገባ።

ዳውድጂ አፍርሶ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሊሠራ አሰበ። ያኔ ጁማን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ጉልበቱ ከድቶታል፣ ሳንባው የድንጋይ ብናኝ ጠጥቶ ሲናገር ያፍነዋል። ቢሆንም ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ፣ «ነገ ና» እየተባለ ተንከራተተ። በመጨረሻ ቤቱ በቅርስነት ተመዘገበ፤ ማፍረስ ተከለከለ።

ዳውድጂ አልተቆጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ አጎቴ እንደማለት ቻቻ ብሎ ጠርቶት፣ «አሸነፉኝ እኮ፣ ቻቻ! በቃ፣ አንዲት ጠጠር አልነካም» አለው።

ቃሉን ጠበቀ። ጣራው ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሲሰነጠቅም አልነካውም። ውሃው ሌት ተቀን በግድግዳው ውስጥ ወረደ። ጁማን መሣሪያውን ይዞ «በነፃ ልድፈነው» ብሎ ቢሄድ ዘበኛው የጣራውን በር ቆልፎ ጠበቀው።

«ቅርስ ነው፣ ቻቻ። መንካት ክልክል ነው።»

«እኔ አይደለሁም እንዴ ያስመዘገብኩት!»

«እሱማ እርስዎ ነዎት» አለ ዘበኛው፣ እየሳቀ።

በአራተኛው ዓመት ከከተማው አስተዳደር አንድ መሐንዲስ መጣ። «አቤት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ድንጋዩንም ያውቁታል። ይቆማል ካሉ ይቆማል» አለው።

ከበረንዳው ሥር ማሲ ሱግራ የምትባል ባልቴት የምስር ቂጣ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ አምስት የልጅ ልጆቿን ይዛ የምታድረውም እዚያው ነው። ጁማን መዶሻውን አወጣ። ጤነኛ ድንጋይ ሲመቱት ይጮኻል፤ ይህኛው «ድፍ» አለ። ሌላውንም መታ፤ ድፍ።

«ይቆማል በላቸው እንጂ፣ ወንድሜ!» አለች ሱግራ። «ምን ትቀጠቅጣለህ?»

«በስብሷል፣ ሱግራ።»

«ይበስብስ! እኔስ መች ጤነኛ ነኝ? ቆሜያለሁ አይደል?»

«ሕፃናቱ ላይ ቢወርድስ?»

ሱግራ ቂጣዋን ገለበጠች። ጁማን «አይቆምም» ብሎ ፈረመ።

ቤቱ በስድስት ቀን ፈረሰ። ሱግራን ከከተማው ዳር፣ ውሃ በቦቴ የሚመጣበት ሠፈር ወሰዷት። ዕቃዋ ሲጫን ልሸከም ቢላት ድስቷን ከእጁ ነጠቀችው። «አያትህ ሠራው፤ አንተ አፈረስከው። ዳውድጂ ምን አደረገ? ምስኪን፣ እጁን እንኳ አላነሳም።»

አዲሱ ሕንፃ ሲቆም ዳውድጂ የአያትየውን በረንዳ ስብርባሪ ሰብስቦ በቅርጹ ሲሚንቶ አስፈስሶ ፊት ለፊቱ ላይ አስለጠፈው። ጁማን አንድ ቀን ሄዶ አየው። የወይን ቅጠሉ ተገልብጦ ተለጥፏል።

በተከታዩ ክረምት ሳንባው ገደለው። ሱግራ ሰምታ ለቅሶ ሳትደርስ ቀረች። ዳውድጂ ግን ለለቅሶው ሁለት ትላልቅ ድስት ቢርያኒ፣ በሥጋ የተሠራ ሩዝ፣ ላከ፤ ሥጋው የተትረፈረፈ ነበር፤ ለቀስተኛውም ርቦት ስለነበር ዳውድጂን እየመረቀ በላ።