የአሕመድ ሰፈር የት ነው?

አምለሰትና እኔ ያደግነው አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ነው። አባቷ ጣቢያው ላይ ይሠሩ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የእናቷ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ሲንኳኩ ጨዋታችንን ጥለን እንሮጥ ነበር። አሁን ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ይተኛሉ። እኛን ግን ከተማው ዛሬም «የጣቢያ ልጆች» ይለናል።

አምለሰት ዛሬ ሰመራ ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የውሃ ቦቴዎችን ስምሪት የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ባለፈው በጋ ልጠይቃት ሄጄ ቢሮዋ ተቀምጬ ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አነሣችው። ከቦቴ ሾፌሮቹ አንዱ፣ ራጉኤል ነበር።

«እትዬ አምለሰት፣ እዚህ ማንን ላጠጣ? ያለው አመድና አንዲት ቀበሮ ነው። እሷም የጠማት አትመስልም።»

ፊቷ ተለወጠ። አፋምቦ አካባቢ ሰፍረው የነበሩት አርብቶ አደሮች፣ የሽማግሌው የአሕመድ ሰዎች፣ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሌላ ቦታ ከተነሡ ሰንብተዋል። አምለሰት ይህን ሰምታ ፕሮግራሙን አስተካክላ ነበር። ችግሩ፣ የቦታውን ስም በሚያስፈልጋት መስመር ሁሉ እንዳለ እየደጋገመች ጽፋው ኖሯል። ስትቀይር አንዱ አመለጣት፤ እሱም ለሾፌሩ መልእክት የሚልከው መስመር ነበር፤ ራጉኤልን የላከው ወደ ድሮው ቦታ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የሚጠጡት የላቸውም።

አጠገቧ የሚሠራው አብዱናሲር፣ የአፋምቦ ልጅ ነው፣ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«ራጉኤል፣ ተመለስና መጀመሪያ ያገኘኸውን ግመል ጠባቂ ጠይቅ። የቦታ ስም እንዳትጠራ፤ ዛሬ ደግሞ ፈቀቅ ብለው ይሆናል! የአሕመድ ሰፈር የት ነው በለው።»

«ካላወቀስ?»

«ያውቃል። አንተ ብቻ ሰላምታውን አታጣድፈው።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ። «እናንተ ደገኞች ሰፈር ማለት መሬቱ ይመስላችኋል።»

«እኔ ደገኛ አይደለሁም፤ የአዋሽ ልጅ ነኝ።»

«አዋሽ የቱ ጋ?»

«ጣቢያ።»

«ባቡሩ አሁንም አለ እንዴ?»

አምለሰት እኔን አየችኝ። «የለም» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከኮዱ አናት ላይ «የአሕመድ ሰፈር» የሚል ቋሚ ስም አኖረች፤ ያረፉበትን ቦታ ከጎኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈች። ከታች ካሉት መስመሮች የቦታውን ስም እየፈለገች አጠፋች፤ ሁሉም ከላይ ያለውን እንዲጠይቁ አደረገች። ሰዎቹ ሲነሡ ከእንግዲህ የምትነካው እሱን ብቻ ነው። ጣቶቿ ይሠራሉ፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

ጮኸ።

«አገኘኋቸው፣ እትዬ! ጠባቂው የግመሎቼን ጤና ሳይቀር ጠየቀኝ፤ ቦቴዬ ደህና ናት አልኩት።»

ከራጉኤል ድምፅ ኋላ የልጆች ጩኸትና የውሃ መውረድ ይሰማል።

«እንዳትዘጋው» አለችው።

ባዶ ጀሪካኖች እርስ በርስ እየተጋጩ ይንኳኳሉ። አምለሰት እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

«የእማዬን ብርጭቆዎች አይመስልም?» አለችኝ።

የቦቴው ውሃ እስኪያልቅ ሦስታችንም ስልኩን ከበን ሰማን።