ከሞንትቤሎ እስከ አውሮራ፦ የአንድ ፈቃድ መንገድ

ቅዳሜ ንጋት፣ ግሪን ቫሊ ራንች፣ ዴንቨር

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። የመኪናዬን መስታወት ውርጭ ፍቄ አስነሳሁ። አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አለ፤ በእስልምናው ዓለም የመጀመሪያዎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደተጀመሩ የሚናገር። ከሰዓት በኋላ አውሮራ፣ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ለወላጆችና ለወጣቶች እንዳነበው ተጠይቄያለሁ።

ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በእረፍቴ አነባለሁ። ዲግሪ የለኝም። ክርስቲያን ነኝ፤ ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ዲፕሎማ ባልነበረበት ዘመን ሰው መማሩን ማን ይመሰክርለት ነበር?

ስለዚህ ብሎጌ ላይ የጻፍኩትን አንብባ ለአባቷ የነገረችው ጓደኛዬ ሉባባ ናት። አባቷ ሸኽ ይማም ወሎ ውስጥ ከሸኽ ሸኽ እየዞሩ የተማሩ፣ ዛሬ አውሮራ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ማለትም ንባቡን የሚያስተምሩ፣ ሰው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ የሚያስተዋውቁኝም እሳቸው ናቸው። በእሷ በኩል የላኩልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ድምፁን አውጥቶ ያንብብልኝ። እስከ መጨረሻው ሳልሰማ ሰው ፊት አላቆመውም።»

ደንቡ ጥንታዊ ነው። ተማሪው፣ በወሎ አጠራር ደረሳው፣ ኪታቡን፣ የሚማርበትን መጽሐፍ፣ ለመምህሩ ያነባል፣ ይታረማል፣ ከዚያ እንዲያስተምር ይፈቀድለታል። ፈቃዱ ኢጃዛ ይባላል። ይህን ገጽ ሁለት ላይ ጽፌዋለሁ። በራሴ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ጠዋት፣ ሞንትቤሎ

ሉባባ ቁልፏን እያንቃጨለች ቤታቸው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እዚህ ፓርክ አድርግ። የምነዳው እኔ ነኝ። እያነበብክ ብትነዳ ሁላችንንም ትጨርሰናለህ።»

ሸኽ ይማም ነጭ ቆባቸውን አድርገው መኪናዋ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሻይ ጠጣህ፣ ዳንኤል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ዋሽቷል፤ ስጪው» አሉ ለልጃቸው። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ በቴርሞስ ክዳን ተቀበልኩ።

«አይዞህ» አለች ሉባባ። «የአባባ ፈተና ከመንጃ ፈቃድ ትንሽ ነው የሚከብደው። እኔን በልጅነቴ አስለቅሶኛል።»

«ያለቀሰችው ስላላጠናች ነው» አሉ ሸኽ ይማም።

አውራ ጎዳናው ላይ ገጽ አንድን ጀመርኩ። ከፊታችን ተራሮቹ ከጫፋቸው ቀልተዋል። መምህሩ መስጊድ ውስጥ ዓምድ ተደግፎ ሲቀመጥ፣ ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ሲከቡት፣ የፈለገው ገብቶ ሲያዳምጥ የሚለው ላይ ስደርስ ሸኽ ይማም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ቀጥል» አሉኝ። «የተኛው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ነቅቷል።»

ረፋድ፣ መሐል ዴንቨር

ሸኽ ይማም ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን በዓይናቸው ማየት ስለፈለጉ አንድ ካምፓስ ጎራ አልን። ቀይ ጡብ፣ የደረቀ ሣር፣ የተቆለፈ በር። ዙሪያውን ካዩ በኋላ አንድ የሲሚንቶ ዓምድ ተደግፈው የድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከፊታቸው ደረጃው ላይ ሆኜ አነበብኩ።

ጥበቃው መጣ። ምን እንደምናደርግ ሲጠይቀኝ ተረጎምኩላቸው።

«ትምህርት ላይ ነን በለው።»

ነገርኩት። እሳቸውን አየ፣ ወረቀቴን አየ፣ መልካም ክላስ ብሎን ሄደ።

«ደህና ልጅ ነው» አሉ። «ለመሆኑ እዚህ ተማሪው የት ያድራል?»

«ብዙው ቤት ተከራይቶ ነው።»

«እኛን ገበሬው ነበር የሚያበላን። ማደሪያችንም እሱው ጋ።»

በጥንቱ ዘመን ተማሪውን ማን ያሳድርና ያበላ እንደነበር ገጽ ስድስት ላይ ነበር። ኋላ በባግዳድ ለትምህርት ብቻ የታነጹ መድረሳዎች ተሠሩ፤ የሱቅና የእርሻ ገቢ በወቅፍ፣ ማለትም በማይሸጥ የምጽዋት ስጦታ፣ ተሰጥቷቸው ለተማሪው ክፍልና ቀለብ ይችሉ ነበር። ይህን ሳነብ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህንን ድገመው።»

ደገምኩት።

ቀትር፣ ኮልፋክስ

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሄድን። አሮጌ ሞቴሎች፣ የጎማ ቤቶች፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፉ ማስታወቂያዎች። ሉባባ ከአንድ ሱቅ የምስር ሳምቡሳ ገዝታ ተመለሰች። ወረቀቴን ዘይት እንዳይነካው እጄን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ማንበብ አቁመን ስለበላን አንድ ገጽ ሳይነበብ አውሮራ ደረስን።

ከሰዓት፣ አውሮራ

ሰዎች ወደ አዳራሹ እየገቡ ነው። ሉባባ በሯን ከፈተች። ሸኽ ይማም አልተነቃነቁም።

«አንድ ገጽ ቀርቷል።»

አነበብኩ፦ «በሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ አንዲት ሴት በወረሰችው ሀብት መስጊድ አሠራች። ይህም የዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሆነ።»

«ስታሠራው ምን ብላ ነው?»

«መስጊድ ብላ።»

«ትምህርቱስ መቼ ገባ?»

«እየቆየ ነው ያደገው። መነሻው በትክክል አይታወቅም።»

«ታሪኳን የጻፈው ሰው አግኝቷታል?»

«አላገኛትም። ከእሷ ዘመን በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው የጻፈው። ይህን ሁሉ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አስፍሬዋለሁ።»

«አዳራሽ ውስጥ ግርጌ አለ?»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

«አባባ፣ ሰዉ እኮ ይህችኑ ሊሰማ ነው የመጣው» አለች ሉባባ።

«ጥሩ እንግዳ ነው፤ ታዲያ ያልበሰለ እናብላው?»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰረዝኩ። የግርጌውን ወደ ላይ አወጣሁ፦ አንዲት ሴት መስጊዱን እንዳሠራች ይተረካል፤ ትምህርቱ በውስጡ እየቆየ አደገ፤ ዩኒቨርሲቲ ብለን እንጥራው ወይስ አንጥራው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እንደገና አነበብኩ። ሸኽ ይማም በሩን ከፈቱ።

አዳራሹ ውስጥ ስለ እኔ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «ዳንኤል ይባላል። ያመጣውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። እናንተም ስሙት።»

የት ተማርክ ያለኝ አልነበረም። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። «ዲፕሎማውን ማነው የሚሰጠው? ስኩሉ?»

«የለም» አልኳት። «ያዳመጠው መምህር ነው።» ይህን ስል ሸኽ ይማምን አየሁ።

ማምሻ፣ መመለሻ

የቻምበርስን ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ስንመለስ ሸኽ ይማም ሳይዞሩ ጠሩኝ።

«የባግዳዱን ነገር አላውቀውም ነበር። ለልጆቹ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ትፈቅድልኛለህ?»

«እኔ ነኝ የምፈቅድልዎ?»

«የሰማሁት ካንተ ነው። እንግዲህ አድምጥ።»

ጀመሩ። ሱቁን፣ እርሻውን፣ ክፍሉን፣ ቀለቡን፣ አንድም ሳያስቀሩ። ከተማዋን ግን ካይሮ አሏት። ልለፈው ብዬ ነበር። ሉባባ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ባግዳድ ነው፣ ሸኽ ይማም።»

«ባግዳድ» አሉ። «ከላይ ልጀምር።»

ሞንትቤሎ ስንደርስ ሸኽ ይማም ገና ስለ ተማሪዎቹ ማደሪያ እየተናገሩ ነበር። ሉባባ ሞተሩን አጠፋች። እስኪጨርሱ ማናችንም በር አልከፈትንም።