ግድግዳ የሌለው ሃምሳ ሜትር

ባለቤቴ የዋና አሠልጣኝ ነው፤ ሠፈሩ ግን «ቀስ በል» እያለ ነው የሚጠራው። እውነታቸውን ነው። እኔን ለማግባት እንኳ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ትንፋሽ እየቆጠበ ነበር መሰለኝ። እኔ እዚያው ገንዳ፣ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ በር ላይ ፎጣ አድላለሁ። ስለዚህ ሥራውን ከሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ።

ገንዳችን ሃያ ሜትር ነው። አጭር ነው፣ ጣሪያውም ያፈሳል፣ ግን ሌላ የለንም። የእህቱን ልጅ ለሁለት መቶ ሜትር ድብልቅ ያሠለጠናት እዚያ ነው። ድብልቅ ማለት አንድ ሰው አራቱንም የዋና ዓይነት ሳያቋርጥ ሲዋኝ ነው፤ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ነፃ፣ እያንዳንዱን ሃምሳ ሜትር። ጀማሪ ሁሉ የሚያልቀው ቢራቢሮው ላይ ነው። ትንፋሹን ውሃ ውስጥ አፍኖ ይይዝና ብቅ ሲል ማስወጣቱም ማስገባቱም አንድ ላይ ይመጡበታል።

«ውሃ ውስጥ ሆነሽ አስወጪ፤ ላይ ስትወጪ የሚቀርሽ ማስገባት ብቻ ይሁን» ይላታል፣ በቀን መቶ ጊዜ። «በየሁለት ቀዘፋው አንዴ ተንፍሺ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!»

«እሺ አጎቴ፣ ሰማሁ እኮ!»

«ጆሮሽማ ሰማ። ሳንባሽ ይስማ።»

ሳንባዋም ሰማ። ሃያ ሜትር ትሄድና ግድግዳውን በእግሯ ትገፋለች፣ ትንሽ ትንሸራተታለች፣ ክንዷ ያርፋል፣ ትቀጥላለች። ባለቤቴ ቀዘፋውን ቆጠረ፣ ትንፋሹን ቆጠረ፣ ያችን የግድግዳ ዕረፍት ግን አልቆጠራትም። እኔም አላሰብኳትም።

ውድድሩ ሃምሳ ሜትር ገንዳ ላይ ነበር። ከሦስት ደቂቃ በታች ከገባች የስፖርት ማሠልጠኛው ይቀበላታል። ካልገባች ለከርሞ ዕድሜዋ ያልፋል። ይህን ስለምታውቅ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልወረደላትም።

ዘለለች። ሃያው ሜትር ላይ ቆንጆ ነበረች፣ ሠላሳው ላይም ደህና። አርባ ላይ እጆቿ ከበዱ። ገላዋ ግድግዳ ፈለገ፣ ግድግዳ ግን የለም። «አስወጪ! አስወጪ!» እያለ ባለቤቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸ፤ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው መጮኽ ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ ነው። በቢራቢሮ ሁለቱ እጆች እኩል ከውሃ መውጣት አለባቸው። የሷ ግራ እጅ ወደኋላ ቀረ፣ አንዴ ብቻ። ገንዳው ዳር የቆመው ዳኛ እጁን አነሣ።

ዳኛ እጁን አነሣ ማለት ተሰረዘች፣ ሰዓቷም አይመዘገብላትም ማለት ነው። ማንም ግን አያስቆማትም፣ እስከ መጨረሻው ትዋኛለች። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰዓቱን ግን አላቆመም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! እንደዚያ ዋኝታ አታውቅም። በጀርባዋ ተንጋልላ ትንፋሿን መለሰች። ደረቱን ሳትቸኩል፣ በልኩ ሄደችው። ነፃው ላይ ሁለት ልጆች ቀደመች። የተማረችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር አወጣችው፣ ለምንም ለማይሆን ነገር። ገብቼ ባወጣት፣ «ይብቃሽ የኔ ዓለም» ባልኳት ደስ ባለኝ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ከማልቀስ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ጨረሰች። ውሃ እየተንጠባጠበባት ወደኛ ሮጠች።

«አጎቴ! ስንት ገባሁ?»

በእጁ የያዘውን ሰዓት አየ። «ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት» አላት። ውሸት አይደለም።

ጮኻ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ከትከሻዋ በላይ አየኝ፤ አንቺ ንገሪያት ማለቱ ነው። እኔ ግን ፎጣ አውጥቼ ጀርባዋን ማድረቅ ጀመርኩ። ከፊታችን ባለው ሰሌዳ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ሰዓት በየተራ መውጣት ጀመረ።

«አጎቴ፣ የኔስ የታለ?» አለችው፣ አንገቱን ሳትለቅ።